ሀቡብ፣ በሃሌታው ሀ

ስልኩ ሲጮኽ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋሁ ነበር። ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ውስጥ የምሠራባት ስፌት ቤት መብራት ከሄደ ቆይቶ ስለነበር ማሽኑን በእግሬ እየረገጥኩ ነው። የደወለችው የልጅቷ ትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ናት። ድምፅዋን አውቀዋለሁ፤ ደኅና ዋላችሁ ስትል እንኳ የተጣላች ትመስላለች።

«ያ ኻላ፣ አልቢት በልዐት ሑቡብ!» አለችኝ በአረብኛዋ።

ልጅቱ የእኅቴ ልጅ ናት። እናቷ ባሕር ተሻግራ ሰው ቤት ትሠራለች፤ እኔ ጋ ትታት ስትሄድ የወተት ጥርሷ ገና እየተነቀለ ነበር፤ አሁን አሥራ ሰባት ሊሞላት ነው። ተወልዳ ያደገችው ካርቱም ስለሆነ አማርኛዋ ይንገዳገዳል። አክስቴ አትለኝም፤ እንደ አገሬው ልጆች «ኻልቶ» ነው የምትለኝ።

ከተቆጣጣሪዋ ንግግር ሦስት ቃል ያዝኩ፤ ልጅቱ፣ መዋጥ፣ ሀቡብ። ሀቡብ ካርቱም ለኖረ ሰው አያስተረጉምም፤ ከሰማይ ጥግ እንደ ቀይ ግድግዳ ተነሥቶ ከተማውን ሁሉ የሚያለብሰው አቧራ ነው። ወራቱም የእሱ ነበር። አቧራው ልጅቱን መንገድ ላይ አግኝቶ ዋጣት ብዬ ደነገጥኩ።

«በስመ አብ! በሩን ዝጉባት! መስኮቱንም! አፍንጫዋን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑላት!»

«በሩ ምን ያደርጋል? ነይ እንጂ!»

«እስኪያልፍ ነዋ! ትንሽ ሲጠራ እመጣለሁ። አንቺም ብትሆኚ ደጅ አትቁሚ።»

ስልኩን ከአፏ አራቀች። ከዚያ አጠገቧ ላለ ሰው «ሐበሺያዋ አብዳለች» ስትል ሰማሁ፤ ወዲያው የሆስፒታሉን ስም ነግራኝ ዘጋችው።

ወደ ደጅ ወጥቼ ቀና አልኩ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳሕን ጥርት ብሏል፤ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ጥርጣሬዬ የጀመረው ከዚያ ንጹሕ ሰማይ ነው፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኝታለች። ከንፈሯ ደርቋል፤ ትተነፍሳለች። ነርሷ ከቦርሳዋ ያገኘችውን መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየችኝ፤ ትንንሽ ነጫጭ ኪኒኖች። «ሑቡብ» አለችኝ ከጉሮሮዋ ሥር አውጥታ። ከዚያ ለሕፃን እንደሚነገረው በእጇ ወደ መስኮቱ እያመለከተች «ሀቡብ» አለች፤ ይኼኛው ከአፏ እንደ ትንፋሽ ብቻ ነው የወጣው። ሁለተኛ ደግማ አሳየችኝ። ነገሬ ቀድሞኝ ሆስፒታል ደርሷል ማለት ነው።

ልጅ ሳለሁ ፊደል ያስቆጠሩን የኔታ «ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ» ሲሉ «ድምፃቸው አንድ ከሆነ ሦስት መሆናቸው ለምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄ ነበር። የመለሱልኝ ጆሮዬን ቆንጥጠው ነው። በእኛ አፍ ሦስቱም አንድ ከሆኑ ቆይተዋል፤ በአረቦቹ ጉሮሮ ግን አልሆኑም። የየኔታ ቁንጥጫ ያን ዕለት፣ ሰው ሁሉ በሚጮኽበት ክፍል ውስጥ፣ እንደ አዲስ አመመኝ።

ስትነቃ ጎንበስ ብዬ ጠየቅኋት። «ልትሞቺ ብለሽ ነው?»

«ላ፣ ኻልቶ። ጭንቅላቴ ዝም እንዲልልኝ ነው።»

«ማን ሰጠሽ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

መነሻውን አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። ሕዝቡ መንግሥት ይውረድ ብሎ በጦሩ መምሪያ ደጃፍ ድንኳን ተክሎ በተቀመጠበት ሰሞን ከክፍሏ ልጆች ጋር ትሄድ ነበር። ጉንጯ ላይ ባንዲራ ተቀብታ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ ትመጣለች። እኔ የሰው አገር ነገር ምን አገባሽ እያልኩ እቆጣለሁ፤ በልቤ ግን ስትዘምር ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ያ ቦታ በጥይት የተበተነ ዕለት ግን ሳትመጣ ቀረች። በማግስቱ መጣች። እግሯ ላይ የነበረው የእሷ ሰንደል አይደለም፤ ቡኒ የወንድ ጫማ ነው፣ ሁለት እግሯን የሚያስገባ።

«የማን ጫማ ነው?» አልኳት።

ጫማውን አጥባ አልጋዋ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። እኔ ጸሎት ሳደርስ ቁጭ ብላ ታየኛለች፤ ሰባት ጊዜ ጠርቻት አንዴ ትሰማኛለች። ዕድሜው ነው አልኩ፤ ቀጥሎ ዓይነ ጥላ ነው አልኩ። ኪኒን ነው ብሎ ያሰበ ግን ማን ነው?

ከሆስፒታሉ ከወጣን በኋላ ያልጠረጠርኩት ሰው የለም። ፀጉሯን ልትሠራላት የምትመጣውን ማስቲካ የማይለያትን ጓደኛዋን ጠረጠርኩ። ገና ሳልገባ «አህለን» እያለ የሚስቀውን መድኃኒት ሻጭ ጠረጠርኩ። ቤታችንን ሳልነግረው በራችን ላይ ያቆመውን የባለ ሦስት እግር ሪክሻ ነጂ ጠረጠርኩ፤ ከማን ሰማ? በዚያ ዘመን ከተማው እንዲያ ነበር። አሮጌው መንግሥት ወድቋል፤ አዲሱ ግማሹ ሲቪል ግማሹ ወታደር ነው፤ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፣ ሲጠየቅ ግን ማንም ምንም አያውቅም።

የምትታከምበትን ቦታ የነገረችን የድንገተኛ ክፍሏ ወጣት ሐኪም ናት። የልጅቱ ሰውነት ድኗል፤ ውስጧን የሚያይላት ትፈልጋለች አለችን። ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ የተዘጋ የሕፃናት ትምህርት ቤት አለ፤ በሳምንት አንድ ቀን ወጣት ሐኪሞች ሱስና ጭንቀት ያለባቸውን ልጆች ያያሉ። ክፍያ የለም። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ አይጠየቅም። «ስምም አይጠይቁም» አለችኝ፣ ደስ እንዲለኝ ብላ።

ደስ አላለኝም። ካርቱም ውስጥ ስም የማይጠይቅ ማን አለ? የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከመንገድ እየለቀመ መኪና ላይ የሚጭነው ከሻ እንኳ፣ አፈሳ መሆኑን ሳይደብቅ፣ ስም ይጠይቃል። ስም የማይጠይቅ ስምሽን ያውቀዋል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ጸበል ብቻ ይበቃታል ይሉኛል ብዬ ነበር።

«ጸበሉንም ትጠጣ፣ ሐኪሙንም ትስማ» አሉኝ። «ወንጌሉን ከጻፉት አንዱ ራሱ ሐኪም ነበር፤ አንቺ ከእሱ ትበልጫለሽ?»

«አባቴ፣ ክፍያ የለውም ይላሉ እኮ።»

«እኔስ መቼ አስከፈልኩሽ?»

ሳቁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እሳቸውንም ጠረጠርኳቸው፤ ማን ነገራቸው ይሆን አልኩ።

በሀፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግረን፣ ከገበያው በሪክሻ ገባን። ነጠላዬን አገጬ ድረስ ተከናንቤ፣ ልጅቷን ከኋላዬ አድርጌ አንኳኳሁ። በሩን የከፈተችው ሐበሻ ናት፤ የሐኪሞቹን አረብኛ ለሐበሻ ልጆች የምታስተረጉም። አማርኛዋ የእኛ አገር ነው፤ አንገቷ ላይ ግን ማተብ የለም፤ ክሩ ይኖርበት የነበረው ቦታ ብቻ ፈዘዝ ብሎ ይታያል።

«እትዬ፣ እርስዎ እዚህ ድረስ ነዎት» አለችኝ። «ውስጥ ልጆች ብቻ ናቸው።»

«እኔ እኮ አሳዳጊዋ ነኝ።»

«ለዚያ ነው» አለችና ፈገግ አለች። በሩ ተዘጋ።

ለዚያ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ማተቧንስ ማን አስበጠሳት?

ከበሩ ትይዩ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ሻይ የምታፈላ ሱዳናዊት ነበረች። እነሱ በንበር የሚሉትን ዝቅ ያለ በርጩማ ገፋ አደረገችልኝና ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ በንበር የእኔ ሆነ። በየሳምንቱ ሻዬን ይዤ ዓይኔን ከበሩ ሳልነቅል እቀመጣለሁ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን እያለቀሰ ወጣ፣ ማን የማንን እጅ ያዘ፣ አንድ አያመልጠኝም። ሻይ ሻጯ ትታዘበኛለች።

«ያ ሐበሺያ፣ ቡሊስ ነሽ ወይስ አማት?»

«ምን ለየው?»

«ቡሊስ ሻይ አይከፍልም» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ልጆቹ ሲወጡ ዝም ብዬ አላሳልፋቸውም ነበር። የእኛ ሰው ልጅ ሲያይ የማን ልጅ ነሽ ብሎ ይጠይቃል፤ ሰላምታ ነው፤ ሳይጠይቅ የሚያልፍ ነው ክፉ የሚባለው። ስለዚህ «ቢት ሚኑ ኢንቲ?» እላቸዋለሁ፤ የማን ልጅ ነሽ? የት ነው ቤታችሁ? አባትሽ ምን ይሠራል? አንዳንዱ ከማዮ ሰፈር ነኝ ብሎ ሮጦ ይሄዳል። የሚበዛው እግሩን እያየ ያልፈኛል። ሳያሳድጓቸው አሳደጓቸው እላለሁ በልቤ።

ልጅቱ ውስጥ ስለሚሆነው ብዙ አትነግረኝም። ምንጣፍ ላይ በክብ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ከሐኪሟ ጋር ይነጋገራሉ። አንድ መድኃኒት ታዞላት ነበር፤ እየቀነሰች እንጂ በድንገት እንዳታቋርጠው አጥብቀው ነግረዋታል። የሚያዝላት ጠፍቶ ነው እንጂ ሑቡብም መድኃኒት ይሆናል ለካ። እሷን የማስዋጥ ሥራ የእኔ ሆነ፤ ጠዋት ጸበል፣ ማታ ሑቡብ።

አንድ ቀን ስንመለስ፣ ሀፍላው ድልድዩ ላይ ቆሞ፣ «ስለ ጫማው ነገርኳቸው» አለችኝ።

«ምን ብለሽ?»

«የማን እንደሆነ።»

«የማን ነው?»

«ኻልቶ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «እነሱ አልጠየቁኝም እኮ።»

ውኃውን አየሁ። ከወተት ጥርሷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ፤ የጫማውን ነገር የምታውቀው ግን ማተብ የሌላት ሴት። ይኼን ነገር ዛሬም ስጽፈው ይቆጠቁጠኛል።

ቢሆንም ልጅቱ እየተመለሰች ነበር። ይኼን መካድ ኃጢአት ነው። መተኛት ጀመረች። ከድስቱ ሥር የቀረውን እየፋቀች መብላት ጀመረች። ጫማውን ከአልጋዋ ሥር አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው።

አንድ ከሰዓት በኋላ እውነተኛው መጣ። ሰማዩ በአንድ በኩል ቀላ፤ ጎረቤት ሁሉ ልብስ ከገመድ እየነጠቀ ወደ ቤት ይሮጣል። መስኮቱን እየዘጋጋሁ ስጣራ እሷ ግቢው መሐል ቆማለች፤ ፀጉሯ በንፋሱ ቆሟል፣ ትስቃለች።

«ኻልቶ፣ አትፍሪ! ሃሌታው ነው!»

የየኔታን ቁንጥጫ ነግሬያት ነበር። ጎትቼ አስገባኋትና በሩን በጨርቅ ወተፍኩት። በጨለማው ውስጥ፣ አቧራው ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ሌላም ነገር ነገረችኝ። እዚያ ቤት እያንዳንዱ ልጅ ለራሱ ስም ያወጣል።

«እኔ ሀቡብ ነኝ አልኳቸው። ሁሉም ሳቁ፤ በመድኃኒቱ የቀለድኩ መሰላቸው። ሐኪሟ የትኛው ሀቡብ አለችኝ። ሃሌታው አልኳት። ሃሌታው ምንድን ነው አለች። ያንቺን ታሪክ ሁሉ ነገርኳቸው፣ በሩን ዝጉባት ያልሽውን። ወላሂ ምንጣፉ ላይ ነው የተንከባለሉት።»

ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ፣ ሐሰተኛ ስም እያወጣ የእኔን ጉድ የሚሰማ ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው ብዬ አሰብኩ። ሁለቱም ልቤ ውስጥ አብረው ነበሩ።

ከዚያ ወታደሮቹ የቀረውን ሥልጣንም ጠቅልለው ያዙ። ጠዋት ስንነሣ ስልክ አይሠራም፣ መንገዱ በጡብ ተዘግቷል፣ የጎማ ጭስ ነው። ድልድዩ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ተሻጋሪዎች እኛ ነበርን። በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። በስንጥቁ ብናይ ምንጣፉም የለም።

ሻይ ሻጯ ግን አለች፤ ከሰሏን ታራግባለች።

«ሄዱ» አለች። «ዓይን አለብን ብለው ነው የሄዱት።»

«የማን ዓይን?»

«የመንግሥት ነዋ።»

«የትኛው መንግሥት?»

«እሱን እነሱም አልለዩትም።» ማራገቢያዋን አስቀምጣ በንበሩን አየችው፤ ከዚያ እኔን። «በየሳምንቱ እዚህ ተቀምጣ የልጆቹን አባት ስም የምትጠይቅ አንዲት ሐበሺያ አለች ብለው ነው። ልጆቹ ፈሩ። እኔማ አክስት ናት ብያቸው ነበር። አክስት ሻይ ትከፍላለች አልኳቸው።»

ልጅቱ በንበሩን በእግሯ ጫፍ ወደ ዛፉ ገፋ አደረገችው፤ ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ።

«የት እንደሄዱ አታውቂም?» አልኩ።

ሻይ ሻጯ ሁለት እጇን ዘረጋች። እውነቷን ይሁን፣ ወይስ እሷም ፈርታኝ ይሁን፣ አላውቅም።

ፈለግናቸው። ትልቁ ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ለእሷ ዕድሜ የሚሆን ክፍል የለም፣ ከተኛች ከትልልቆቹ ጋር ነው አሉኝ፤ ኢቃማዋንም ጠየቁኝ። በኮሪደሩ አንዲት ሴት እጇ ታስሮ ስትጮኽ ልጅቱ አየቻትና ወደ ኋላ ሸሸች። መልሼ ይዣት ወጣሁ። ያቺን ቦታውን የነገረችንን ወጣት ሐኪምም ፈለግሁ፤ የለችም ብቻ ነው የሚሉኝ፤ ወጣች፣ ታሰረች፣ ተዛወረች፣ የሚለይልኝ የለም። መድኃኒት ሻጩ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አልሰጥም አለ፤ ያን ሌላውን ለልጅ የሸጠው ማን ነው እንግዲህ?

ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ውስጥ ከምንጣፉ ልጆች አንዷን አየኋት፤ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ያለባትን። እየሮጥኩ ደረስኩባት።

«የኔ ልጅ፣ እባክሽ፣ የት ነው ያሉት?»

አፈገፈገች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ነጠላዬን፣ መስቀሌን፣ እጄን። ከዚያ የራሴን ቃል መለሰችልኝ።

«ቢት ሚኑ ኢንቲ? አንቺስ የማን ነሽ?»

ሰዉ ዞሮ አየን። የማን ነኝ ልበላት? እሷ የቲማቲሙ መደርደሪያ መሐል ገብታ ጠፋች።

ይኼን የምጽፈው እናንተ እዚያ ለነበራችሁት ነው። ምንጣፉ ላይ ለተቀመጣችሁ ልጆች፣ ለሐኪሟ፣ ማተብ ለሌላት እኅቴም። አማርኛ የሚያነብ ከመካከላችሁ ካለ ለቀሩት ያንብብላቸው። የመንግሥት ሰው አይደለሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የልጅቱ አክስት ነኝ፤ የማን ነሽ ላላችሁኝ መልሴ ይኸው ነው። የየአባታችሁን ስም የጠየቅኋችሁ እናቴ እንደዚያ ስላሳደገችኝ ነው። የነገራችሁኝን ለማንም አልተናገርኩም፤ የማዮውን ልጅ ሰፈርም ቢሆን።

እኔም ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገና አላመንኳችሁም። ለምን እንደ ወደዳችኋት አይገባኝም። ልጅቱ ግን አምናችኋለች፤ መድኃኒቷም ሊያልቅ ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደገና ቁጭ ብላ ታየኛለች። ጫማውን ወደ አልጋዋ ሥር መልሳዋለች።

አሁን የት እንዳላችሁ ለእኔ አትንገሩኝ። ለእሷ ንገሯት። ሻይ ሻጯ ጋ ቃል ተዉላት፤ ኒም ዛፉ ሥር እሷ ብቻዋን ትመጣለች፣ እኔ ድልድዩንም አልሻገርም። የአባቷን ስም አትጠይቋት፤ ሀቡብ በሏት፣ በሃሌታው ሀ። ትመጣለች።